በአሜሪካ የመኪና ጉዞ ላይ «የቤት ምግብ» ሬስቶራንት መግባት፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ልጅና ወላጅ ይዘው አሜሪካን በመኪና ለሚያቋርጡ አበሾች የተዘጋጀ ነው፤ ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

«የቤተሰብ ሬስቶራንት» የሚባለው ከበርገር ቤት በምን ይለያል?

በርገር ቤት ቆማችሁ ታዛላችሁ፣ ትሪያችሁን ራሳችሁ ተሸክማችሁ ትቀመጣላችሁ። እዚህ ግን ሰው ተቀብሎ ያስቀምጣችኋል፣ ሜኑ ይሰጣችኋል፣ ምግቡም በደንበኛ ሳህን ይመጣል። ያም ሆኖ ሱፍ የሚያስለብስ ቤት አይደለም። በቱታና በነጠላ ጫማ፣ የሚያለቅስ ሕፃን ታቅፎ መግባት የተለመደ ነው። በመንገድ ላይ አዘውትራችሁ የምታዩዋቸው ክራከር ባረል፣ ቦብ ኤቫንስ፣ ዴኒስ፣ አይሆፕ እና ዋፍል ሃውስ ናቸው። እርስ በርስ ይለያያሉ፤ ዋፍል ሃውስ ጠባብ ሆኖ ባንኮኒው ላይ የሚበላበት ሲሆን ክራከር ባረል ደግሞ ግማሹ ሱቅ ነው። እንቁላል፣ ፓንኬክ፣ ድንችና ዶሮ ግን የትም አይጠፉም።

አንድ ነገር ከመጀመሪያው ይታወቅ። «የቤት ምግብ» ሲሉ የነሱን ቤት ማለታቸው ነው፣ ብዙውን ጊዜም የደቡቡን ገጠር። ስለዚህ ቅቤው ይበዛል፣ ስኳሩ ይበዛል፣ አሳማው ባልጠበቃችሁት ቦታ ይገኛል። እኛን የሚጎዳን ይህ አይደለም፤ «ሰው ላለማስቸገር» ብለን ሳንጠይቅ የምንበላው ነው። እዚያ አገር አስተናጋጅን መጠየቅ ነውር አይደለም። እንዲያውም የሚጠይቅ ደንበኛ ይቀላቸዋል።

ለምንድን ነው ሁሉም ሀይዌይ ዳር የተደረደሩት? እንዴትስ ይገኛሉ?

ሕግ አለበት። ኢንተርስቴት በሚባሉት ትልልቅ መንገዶች ላይ ባሉት የመንግሥት ማረፊያዎች ምግብ ቤት መክፈት በፌዴራል ሕግ ክልክል ነው። ከሕጉ በፊት የተሠሩ አንዳንድ የክፍያ መንገዶች ብቻ ናቸው በውስጣቸው ምግብ የሚሸጥባቸው፤ እነሱም ላይ የምታገኙት አብዛኛውን ጊዜ ፈጣን ምግብ ነው። የቀረው ሬስቶራንት ሁሉ መውጫው አፍ ላይ ተከማችቷል። መውጫው ከመድረሱ በፊት የየድርጅቱን ምልክት የያዘ ሰማያዊ ሰሌዳ ይታያችኋል። ከስልካችሁ ይልቅ እሱን እመኑ የምልበት ጊዜ አለ፣ ምክንያቱም ስልኩ ከኋላችሁ ያለፈውን ቤት «ቅርብ» ብሎ ሊመልሳችሁ ይችላል።

ክራከር ባረል ራሱ ከዚሁ መንገድ የተወለደ ነው። ዳን ኤቪንስ የሚባል የሼል ነዳጅ ሰው በ1969 ቴነሲ ውስጥ፣ ከናሽቪል በስተምሥራቅ ባለችው ሌባነን ከተማ ሲከፍተው ሐሳቡ ነዳጅ መሸጥ ነበር። ምግቡና ሱቁ መኪናውን ለማስቆም የተበጁ ማባበያዎች ነበሩ። ማባበያው ዋናውን ሥራ በላውና ነዳጁ በ1970ዎቹ ቀረ። ዛሬ ከስድስት መቶ በላይ ቅርንጫፎች አሉት፣ ዋና መሥሪያ ቤቱም እዚያው ሌባነን ነው። ከዋሽንግተን ወደ አትላንታ በኢንተርስቴት 95 እና 85 ለምትወርዱ፣ ወይም በኢንተርስቴት 40 ቴነሲን ለምታቋርጡ፣ እሱን ፍለጋ ብዙ አትደክሙም።

እስከ ስንት ሰዓት ክፍት ናቸው?

እንደ ቤቱ ነው። ዋፍል ሃውስ በ1955 ጆርጂያ ውስጥ ሲጀመር አንስቶ ሌት ተቀን የማይዘጋ ቤት በመሆን ይታወቃል። የአሜሪካ የአደጋ ጊዜ መሥሪያ ቤት ኃላፊ የነበሩ ሰው አውሎ ነፋስ ያደረሰውን ጉዳት ለመገመት «ዋፍል ሃውስ ተከፍቷል ወይ?» ብለው እስከመጠየቅ ደርሰው ነበር። ከዴኒስም ብዙዎቹ ሃያ አራት ሰዓት ይሠራሉ። ክራከር ባረል ግን ሌሊት አይሠራም፤ ጠዋት ተከፍቶ ማታ ይዘጋል፣ በታኅሣሡ የገና ቀንም ዝግ ነው።

ቁርስ ቀኑን ሙሉ ስለሚሸጥ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ጾም የሚፈታ ሰው «ቁርስ አልቋል» አይባልም። መሸሽ ያለባችሁ የእሑድ እኩለ ቀንን ነው። ቤተ ክርስቲያን ሲለቀቅ አገሩ ሁሉ ወደዚያ ነው የሚሄደው፤ ግማሽ ሰዓት ቀደም ማለት አንድ ሰዓት ያተርፋል።

ገብተን ባዶ ጠረጴዛ ላይ መቀመጥ እንችላለን?

በር ላይ የሚቀበል ሰው ወይም «እስኪያስቀምጧችሁ ጠብቁ» የሚል ጽሑፍ ካለ፣ አይቻልም። ባዶ ጠረጴዛ እያያችሁ «ጠብቁ» ብትባሉም አትቀየሙ። ጠረጴዛዎቹ ለአስተናጋጆች ተከፋፍለው የተሰጡ ስለሆኑ፣ የዚያ ክፍል አስተናጋጅ ሥራ በዝቶባት ወይም ፈረቃዋ ገና ሳይጀምር ይሆናል። ስንት ሰው እንደሆናችሁና የሕፃን ወንበር ትፈልጉ እንደሆነ ንገሩ። ስም ሲጠይቋችሁ ደግሞ አጭር ስም ስጡ። «ወልደገብርኤል» ብላችሁ ብትመዘገቡ በማይክሮፎን ሲጠሩት ራሳችሁም አታውቁትም። የኛ ቤት የመንገድ ስም «ሳራ» ነው፤ ሳራ የምትባል ሰው በመካከላችን የለችም።

ክራከር ባረል ከሆነ መጠበቁ ራሱ የጉዞው አካል ነው። በረንዳው ላይ ተወዛዋዥ ወንበሮች ተደርድረዋል። ለሽያጭም ናቸው፣ ግን ቁጭ ብላችሁ ብትወዛወዙ ማንም አያስነሳችሁም። ግድግዳው ላይ የተሰቀለው አሮጌ ዕቃ አብዛኛው እውነተኛ ጥንታዊ ዕቃ ነው። ከዋናው በር በላይ የበሬ ቀንበርና የፈረስ ኮቴ ብረት፣ ከመጸዳጃ ቤቱ በላይ ደግሞ የትራፊክ መብራት መስቀል የቤቱ ልማድ ስለሆነ፣ የቸኮለ ልጅ ይዛችሁ ከሆነ መብራቱን ፈልጉ። ጠረጴዛው ላይ አሥራ አምስት ቀዳዳና አሥራ አራት ችንካር ያላት ባለሦስት ማዕዘን እንጨት ትጠብቃችኋለች። አንዱን ችንካር በሌላው ላይ እያዘለላችሁ የተዘለለውን ታወጣላችሁ፤ በመጨረሻ አንድ ብቻ ካስቀራችሁ «ሊቅ» ናችሁ፣ አራትና ከዚያ በላይ ካስቀራችሁ እንጨቱ ላይ የተጻፈው ስድብ ይመለከታችኋል። ከአዲስ አበባ የመጡት አጎቴ ምግቡ እስኪቀዘቅዝ አልነሳም ብለው ነበር።

ሜኑው ላይ ያሉት ስሞች ምን ማለት ናቸው?

በጣም የሚያሳስተው «ብስኩት» ነው። እኛ ከሻይ ጋር የምንነክረው ደረቁ ብስኩት አይደለም፤ በቅቤና በአሬራ የተቦካ፣ ለስላሳ፣ ከምድጃ ትኩሱን የሚመጣ ክብ ዳቦ ነው። በላዩ «ግሬቪ» ሊደፋበት ይችላል፤ ይህ በዱቄት የወፈረ ነጭ መረቅ ሲሆን ለቁርስ የሚቀርበው ዓይነት ብዙውን ጊዜ የሚሠራው ከአሳማ ቋሊማ በወጣ ስብ ነው። «ኮርንብሬድ» የበቆሎ ዳቦ ነው። «ግሪትስ» ከተከካ ነጭ በቆሎ የተሠራ ቀጭን ገንፎ ነው፣ ብቻውን ጣዕም የለውም። በደቡብ ጨውና ቅቤ ያደርጉበታል፣ ስኳር የሚጨምርበትም አለ። እኛ ቤት ሚጥሚጣ ነው የምናደርግበት፣ ያኔ ሰው ይሆናል።

«ካንትሪ ፍራይድ ስቴክ» የሚለውን አይቶ ጥብስ የጠበቀ ሰው ያዝናል። ተደብድቦ የሳሳ የበሬ ሥጋ በዱቄት ተሸፍኖ በዘይት ይጠበስና ያው ነጭ መረቅ ይደፋበታል። «ሚትሎፍ» የተፈጨ ሥጋ እንደ ዳቦ ተጋግሮ የተቆረሰ ነው፣ ከላዩ ጣፋጭ የቲማቲም ስጎ አለው። «ቺክን ኤንድ ደምፕሊንግስ» በዶሮ መረቅ ውስጥ የተቀቀለ ሊጥ ነው። መልኩ አያምርም፣ ግን ሆዱ ለተረበሸ መንገደኛና ጥርስ ለሌለው ሽማግሌ ከዚህ የሚሻል በሜኑው ላይ አላየሁም። «ሃሽብራውን ካሰሮል» የተፈቀፈቀ ድንች ከአይብ ጋር በምድጃ የበሰለ ነው።

መጠጥ ላይ አንድ ማስጠንቀቂያ፦ በደቡብ «ሻይ» ብቻ ብትሉ በረዶ የሞላው ቀዝቃዛ ሻይ ይመጣል፣ «ስዊት» ከተባለ ደግሞ ስኳሩ ከልክ ያለፈ ነው። የምታውቁትን ሻይ ከፈለጋችሁ «ሆት ቲ» በሉ፤ የፈላ ውኃና ከረጢቱ ለየብቻ ይመጣል። ውኃም ሳትጠይቁ በበረዶ ነው የሚቀርበው። «ኖ አይስ» የምትለዋን ሁለት ቃል እናቶች ሁሉ ይማሯት።

አስተናጋጇ ጥያቄ ታበዛለች፤ ምን ልበላት?

እንቁላል ስታዙ «እንዴት ይሁን?» ትላለች። ተመትቶ የተጠበሰ ከፈለጋችሁ «ስክራምብልድ»፣ ሳይመታ በሁለቱም በኩል ተገላብጦ አስኳሉ የደረቀ «ኦቨር ሃርድ»፣ አስኳሉ የሚፈስ «ኦቨር ኢዚ» ነው። «ሳኒ ሳይድ አፕ» ጭራሽ ያልተገለበጠ ነው፤ ከወላጆቻችን ብዙዎቹ አይበሉትም። ሥጋ ላይ «ዌል ደን» ካላላችሁ መሃሉ ቀይ ሊሆን ይችላል። ከዚያ ማባያ ምረጡ ትላለች፣ ሁለት ወይም ሦስት። ቀጥሎ ብስኩት ወይስ የበቆሎ ዳቦ። ሁሉም በዋጋው ውስጥ ያለ ስለሆነ «አያስፈልግም» አትበሉ። ለመንገድ ይሆናል።

አንድ ሳህን ለሁለት መካፈል ይቻላል? የተረፈውስ?

ይቻላል። ተጨማሪ ባዶ ሳህን ጠይቁ። አንዳንድ ቤት ለመካፈል ትንሽ ክፍያ ስለሚጨምር ሜኑው ግርጌ ያለውን ደቃቅ ጽሑፍ እዩ። የምግቡ መጠን ለአንድ ሰው ብዙ ነው፣ በተለይ ቁርሱ። የተረፈውን ማሸጊያ ጠይቆ መውሰድ ፍጹም የተለመደ ነው። ግን እንቁላልና ሥጋ የያዘ ማሸጊያ በሐምሌ ፀሐይ መኪና ውስጥ ሰዓታት ከቆየ ማታ አትብሉት። ቡና፣ ቀዝቃዛ ሻይና ለስላሳ መጠጥ አብዛኛውን ጊዜ ያለ ተጨማሪ ክፍያ ይሞላል። ጭማቂና ወተት ግን እያንዳንዱ ብርጭቆ ይቆጠራል፤ ሦስት ልጆች ሁለት ሁለት ብርቱካን ጭማቂ ጠጥተው ሂሳቡ ያስደነገጠው አባት አውቃለሁ።

ልጆች?

አሥራ ሁለት ዓመትና ከዚያ በታች ላሉ የተለየ ሜኑ አለ፣ ከቀለም እርሳስ ጋር ይመጣል። ልጃችሁ ቢጮህ ማንም አይገላምጣችሁም። ሱቁ ያለበት ቤት ከሆነ ግን ወደ ሂሳብ መክፈያው የምታልፉት በአሻንጉሊትና በከረሜላ መካከል ነው፣ እንዲሁ የሆነም አይደለም።

አሳማ አንበላም። ምን ምን ውስጥ ይገባል?

ቤከን፣ ሃም እና ፖርክ ቾፕ ስማቸውን ካወቃችሁ አያስቸግሩም። ያልተጠረጠሩት ናቸው የሚያስቸግሩት። ቁርስ ላይ «ሶሴጅ» ከተባለና ቱርክ ወይም ዶሮ ካልተጻፈበት አሳማ ነው። ነጩ መረቅ ከላይ ተነግሯል። ፎሶሊያ፣ ጎመንና ባቄላ በደቡብ አበሳሰል ከአሳማ ቁራጭ ጋር ሰዓታት ይቀቀላሉ። «አትክልት ነው» ብላችሁ የምታዙት ነገር ከሥጋው የባሰ ሊሆን የሚችለው ለዚህ ነው። ሰላጣና የተጋገረ ድንች ላይ የተፈረፈረ ቤከን ይበተናል። አንዳንድ ቤት ብስኩቱን በአሳማ ስብ ይሠራዋል።

ስለዚህ «ፖርክ አልበላም» ብሎ ማቆም አይበቃም፣ አስተናጋጇ ሳህኑ ላይ ያለውን ቁራጭ ብቻ ታስባለችና። «ፎሶሊያው ሲቀቀል አሳማ ገብቶበታል?» ብላችሁ ምግቡን ጠርታችሁ ጠይቁ። ካላወቀች ወጥ ቤት ጠይቃ ትመጣለች፣ ያ ሥራዋ ነው። እንቁላላችሁ ቤከን በተጠበሰበት ብረት ምጣድ ላይ መጠበሱ የሚከብዳችሁ ከሆነ በሌላ መጥበሻ እንዲሠራላችሁ መጠየቅ ይቻላል። አንዳንዱ ወጥ ቤት እሺ ይላል፣ አንዳንዱ አንችልም ይላል። ያኔ የተቀቀለ እንቁላል ካለ እሱን እዘዙ። የሙስሊም ሥጋን በተመለከተ አጭሩ መልስ፦ እነዚህ ሰንሰለት ሬስቶራንቶች እንደ ደንቡ ሐላል ሥጋ አያቀርቡም፤ ዓሣ፣ እንቁላልና አትክልት ላይ መቆየት ነው፣ ያውም የመጥበሻውን ነገር ጠይቆ።

ጾም ላይ ነን። ዳቦ ብቻ በልተን እንውጣ?

ዳቦውም አይሆንም እኮ! ብስኩቱ ቅቤና አሬራ፣ የበቆሎ ዳቦው እንቁላልና ወተት፣ ፓንኬኩም እንዲሁ ናቸው። የጾም ሰው በነዚህ ቤቶች የሚከብደው በሥጋው አይደለም፣ በወተቱ ነው። «ቬጂቴሪያን» ብላችሁ አትዘዙ፣ ለነሱ እሱ ወተትና እንቁላል ይበላል። ትክክለኛዋ ቃል «ቪጋን» ናት። ወጣት ያልሆነች አስተናጋጅ ካጋጠመቻችሁና ቃሉ ግር ካላት «ሥጋ የለም፣ ወተት የለም፣ ቅቤ የለም፣ እንቁላል የለም» ብላችሁ ዘርዝሩ። ምክንያቱን መናገርም አይጎዳም። በሃይማኖት መጾም ደቡብ ውስጥ ክብር ያለው ነገር ነው፤ አንዲት አስተናጋጅ ስለ ሁዳዴ ጠይቃኝ ሃምሳ አምስት ቀን እንደሆነ ስነግራት ሜኑውን ቀምታኝ ራሷ መረጠችልኝ።

የሚሳካው ይህ ነው፦ በውኃ የተሠራ አጃ፣ ፍራፍሬ፣ ቅቤ ያልተቀባ ቶስት (ዳቦው ወተት እንዳለው ጠይቁ)፣ ምንም ያልተጨመረበት የተጋገረ ድንች ወይም ስኳር ድንች፣ አይብ፣ እንቁላልና ቤከን የወጣለት ሰላጣ በዘይትና በኮምጣጤ። ግሪትስ በውኃ ብቻ ከተቀቀለ ይሆናል፣ ብዙ ቤት ግን ቀድሞ ቅቤ ወይም ወተት ይገባበታል። የተጠበሰ ድንችም ይገኛል፤ ዘይቱ ዶሮ የተጠበሰበት መሆኑ የሚያሳስበው ይጠይቅ። በጾም ዓሣ የምትበሉም ብትሆኑ የተጠበሰው ዓሣ የተለወሰበት ነገር ወተት ወይም እንቁላል ሊኖረው እንደሚችል አትርሱ። ክራከር ባረል በ2022 ከዕፅዋት የተሠራ ቋሊማ ሜኑው ላይ ሲጨምር ነባር ደንበኞቹ ማኅበራዊ ሚዲያ ላይ ቁጣ አውርደውበት ነበር፣ አሳማችን ተነካ ብለው ይመስላል። ጾመኛና ቋሊማ ወዳድ አንድ ጣሪያ ሥር ሲበሉ እንዲህ ነው።

ሂሳብ የት ይከፈላል? ጉርሻውስ ስንት ነው?

ሜኑው ላይ ያለው ዋጋ ታክስ የለበትም፤ ታክሱ እንደ ክፍለ ግዛቱና እንደ ከተማው ይጨመራል። ሂሳቡ ምግባችሁን ሳትጨርሱ ቢመጣ «ተነሡ» ማለት አይደለም፣ የቸኮለ መንገደኛ እንዳይጠብቅ ነው። በብዙ ቤት ካርዳችሁን አስተናጋጇ ይዛ ሄዳ ሁለት ወረቀት ይዛ ትመለሳለች፤ ካርድ ሲወሰድ የሚደነግጡ እንግዶች አሉና አስቀድማችሁ ንገሯቸው። በአንደኛው ወረቀት ላይ ጉርሻውን ጽፋችሁ፣ ደምራችሁ፣ ፈርማችሁ ትተዋላችሁ። ክራከር ባረል ላይ ግን ወረቀቷን ይዛችሁ ሱቁ ውስጥ ያለው መክፈያ ጋ ትሄዳላችሁ። ጉርሻውን በጥሬ ገንዘብ ጠረጴዛው ላይ መተውም ይቻላል።

ጉርሻ በኛ ልማድ የደስታ ነው፣ እዚህ ግን ደመወዝ ነው። ጉርሻ ለሚቀበል ሠራተኛ አሠሪው ሊከፍል የሚገባው የፌዴራል ዝቅተኛ ክፍያ በሰዓት 2 ዶላር ከ13 ሳንቲም ነው፣ ከ1991 ጀምሮም አልተነካም። የቀረው ከእናንተ እንዲመጣ ነው ሥርዓቱ የቆመው። ካሊፎርኒያን፣ ዋሽንግተንንና ኔቫዳን የመሳሰሉ ጥቂት ክፍለ ግዛቶች ሙሉውን ዝቅተኛ ደመወዝ ያስከፍላሉ፣ ቴነሲና ጆርጂያ ግን ከነሱ ውስጥ አይደሉም። ከ15 እስከ 20 በመቶ የተለመደ ነው። 60 ዶላር ከበላችሁ 12 ዶላር ማለት ሃያ በመቶ ነው። በርከት ብላችሁ ከመጣችሁ ጉርሻው ሂሳቡ ውስጥ ቀድሞ ገብቶ ሊሆን ስለሚችል «ግራቲዊቲ» የሚል መስመር ካለ እዩ፣ ያለዚያ ሁለት ጊዜ ትከፍላላችሁ።

«እኔ ልክፈል፣ በሞቴ!» የሚለው ትግል ደግሞ አስተናጋጇን መሃል ላይ ያቆማታል። ለየብቻ መክፈል ከፈለጋችሁ ከማዘዛችሁ በፊት ንገሯት። ሁሉንም መጋበዝ የፈለገ ደግሞ «እጄን ልታጠብ» ብሎ ተነሥቶ ካርዱን ቀድሞ ይስጥ፣ ሌላው ሲደርስ አልቆ ይገኛል።

የመጣው ምግብ ያዘዝነው ካልሆነ መመለስ ነውር ነው?

አይደለም። አባቴ ስሙን በማልጠራው አንድ ቤት በደንብ የበሰለ ሥጋ አዝዞ መሃሉ ደም የሆነ መጣለት። «ተወው፣ ሰው አታስቸግር» ብሎ ዳር ዳሩን በልቶ ተወው፣ ጉርሻውንም አሳምሮ ከፈለ። እንግዲህ ቁርጥ የሚወድ ሰው ነው። «ቁርጥ ከሆነ ቁርጥ፣ ጥብስ ከሆነ ጥብስ፤ ይኼ ምኑም አይደለም» ያለኝ መኪና ውስጥ ከገባን በኋላ ነበር። ያን ቀን ሠላሳ ማይል ያህል ስንነዳ ርቦት ነበር።

መመለስ እንደዚህ ነው የሚደረገው፦ ብዙ ሳትበሉ፣ ድምፅ ሳታሰሙ፣ አስተናጋጇን ጠርታችሁ ያዘዛችሁትን ትነግሯታላችሁ። ወስዳ አስተካክላ ታመጣለች ወይም ሂሳቡን ትቀንሳለች። ግማሹን በልቶ «አልጣመኝም» ማለት ግን ያስተዛዝባል። ዘገየ ብሎ ጉርሻ መከልከልም ልክ አይደለም፣ ጥፋቱ የወጥ ቤቱ ሊሆን ይችላልና። ችግሩ ከባድ ከሆነ «ማናጀር» በሉ። ቃሉ ማስፈራሪያ አይደለም፣ ሂሳብ ለማስተካከል ሥልጣን ያለው እሱ ነው።

ገጠር ውስጥ ጥቁር ሆነን ስንገባ እንዴት ነው የሚያስተናግዱን?

ጥያቄው ከመሬት የተነሣ አይደለም። ዴኒስ ጥቁር ደንበኞች ያቀረቡበትን የመድልዎ ክስ በ1994 ከ54 ሚሊዮን ዶላር በላይ ከፍሎ ዘግቷል። በ2004 ደግሞ የፍትሕ ሚኒስቴር ክራከር ባረልን ጥቁሮችን ለብቻ ማስቀመጥና አስጠብቆ ማቆየት በሚል ከሶት፣ ኩባንያው ጥፋቱን ሳያምን ሠራተኞቹን ሊያሠለጥንና አሠራሩን ሊያስመረምር ተስማምቶ ጉዳዩ ተዘግቷል። ይህ ከሆነ ሁለት አሥርት ዓመታት አልፈዋል። ከዚያ ወዲህ እኔና ቤተሰቤ በብዙ የገጠር መውጫ ቆመናል፣ በአብዛኛው ያገኘነው «ሃኒ» እያሉ ቡና የሚሞሉ ሴቶችን ነው። አንዳንዴ ዞር ብሎ የሚያይ ሰው ይኖራል። ስድስት ሰው ነጠላ ለብሶ ሲገባ የትም ቢሆን ይታያል።

መዘግየትን ሁሉ በቀለም አትተርጉሙት፣ በቀለም የሆነውንም ዝም አትበሉ። ልዩነቱን የምታዩት ከናንተ በኋላ ገብተው፣ ቁጥራቸው ከናንተ እኩል ሆኖ ቀድመው የተቀመጡ ሰዎች ካሉ ነው። ያኔ መጀመሪያ ማናጀሩን ጠይቁ። መልሱ ካላሳመናችሁ ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ የቅርንጫፉን አድራሻ ጻፉ፣ ደረሰኝ ካለም ያዙ። በ1964ቱ የሲቪል መብቶች ሕግ ሬስቶራንት በዘር፣ በቀለም፣ በሃይማኖትና በትውልድ አገር ደንበኛን መለየት ተከልክሏል። አቤቱታ ለኩባንያው ዋና መሥሪያ ቤትም፣ ለፍትሕ ሚኒስቴር የሲቪል መብቶች ክፍልም ይቀርባል። የመኖሪያ ፈቃድ ስለሌለኝ አልችልም አትበሉ፤ ሕጉ የሚጠብቀው «ማንኛውንም ሰው» ነው።

እንቅልፍ ከጣለን ፓርኪንጉ ላይ ማደር ይቻላል?

ከምግብ በኋላ ግማሽ ሰዓት ወንበር አዘንብሎ ማረፍ ማንንም አያስቸግርም። ሌሊቱን ማደር ግን እንደ ቅርንጫፉና እንደ ከተማው ደንብ ይለያያል። ከጎን ለትልልቅ የመንገደኛ መኪኖች የተሠመረ ሰፊ ቦታ ማየታችሁ ብቻውን ፈቃድ አይደለም። ገብታችሁ ማናጀሩን ጠይቁ፣ አንድ ደቂቃ ነው። ካልተፈቀደ የከባድ መኪና ማቆሚያ ይሻላል።

እማማ ከቤት ይዘው የመጡትን ምግብ ጠረጴዛው ላይ ያውጡት ወይ?

ለሕፃን የተዘጋጀ ምግብ ችግር የለውም። ድርቆሹን ከፍቶ ማማሰል ግን አይሆንም፤ ከውጭ የመጣ ምግብ መብላት በአብዛኛው ቤት ክልክል ነው፣ ባይከለከልም አያምርም። የመንግሥት ማረፊያዎቹ ላይ ጥላ ያለው ጠረጴዛ ስላለ አገልግሉ እዚያ ይከፈት። በእነዚህ ቤቶች በርበሬ የለም፣ ቁንዶ በርበሬ፣ እንዲሁም ኮምጣጤ የበዛበት የሚያቃጥል ስጎ ነው ያለው። ስለዚህ ሚጥሚጣ በትንሽ ዕቃ ቦርሳ ውስጥ መያዝ ያዋጣል፤ እንቁላል ላይ ብትነሰንሱት የሚከለክል አላጋጠመኝም።

እናቴ የያዘችውን አንዴ ለአስተናጋጇ አቀመሰቻት። ሴትዮዋ ዓይኗ እንባ ሞልቶ ሳቀች፣ ሄዳ ወጥ ሠሪውን ጠርታ መጣች። እሱ ደግሞ በሹካ ጫፍ ቀምሶ ዝም ብሎ ቆየና ለራሱ ግሪትስ ላይ ጥቂት ጠየቀ።